ቀይዋ ጠብታ

«ዛሬም ቀረ?» አሉ ጋሼ ራዲዮ ቀና ሳይሉ። «ወንድምሽ እኮ ቀልደኛ ነው። እኔ እዚህ ወገቤ እስኪቆረጥ ጎንበስ ብዬ እሠራለታለሁ፣ ጌታው ብቅ ማለት እንኳን ሰነፈ።»

ልጅቷ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆመች። መልሱን አውቶቡስ ውስጥ እያዘጋጀች ነው የመጣችው። ፈተና ላይ ነው አለቻቸው። ባለፈው ጉንፋን ይዞታል ብላ ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ስልኩ ተበላሽቷል። ውሸቱ እንዲህ እየቀለላት መምጣቱ ራሷን ያስፈራት ጀምሯል።

ጋሼ ራዲዮ እየተነጫነጩ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሱቃቸው ከአውቶቡሱ የመጨረሻ ፌርማታ አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሆዳቸው የተከፈተ ቴፖች፣ ወረቀታቸው የተቀደደ ስፒከሮችና የሽቦ ጥቅሎች እስከ ጣሪያው ተደራርበዋል። መደርደሪያው ላይ አንድ አሮጌ ራዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ ያወራል። ጋሼ ደንበኛ ሲያነጋግሩ እንኳን እሱን አይቀንሱትም፣ የራሳቸውን ድምፅ ይጨምራሉ እንጂ። ስሙም የወጣላቸው በዚህ ነው።

እሳቸውን ያገኛቸው ወንድሟ ነበር። ከሱቅ የሚገዛ የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየር፣ አልፈልግም፣ ለእኔ ብቻ የተሠራ ነው የምፈልገው ብሎ ሲመጣ እሷም አብራው ነበረች። ቫልቭ የሚባለው የድሮ የመስታወት አምፖል ያለው ይከብዳል፤ እሱ የፈለገው በትራንዚስተር የሚሠራ፣ በአንድ እጁ አንጠልጥሎት አውቶቡስ ላይ ሊወጣ የሚችለውን ነው። ጋሼም ምርጫውን ወደዱለት። ቫልቭ ካልሞቀ አይናገርም፣ ይሄኛው ግን ገና ማብሪያውን ስትነካው ይለፈልፋል አሉት፤ ልክ እንዳንተ ሲሉ ጨመሩበት።

ያን ቀን አምፕሊፋየሩ ገና ሳጥን አልነበረውም። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ አረንጓዴ ሰሌዳ ብቻ ነበር። ወንድሟ ጊታሩን ሰክቶ ይመታል፣ ጋሼ በቀጭን ካቻቢቴ ሰሌዳው ላይ ያለች፣ ድምፁን የምታስተካክል፣ የምስር ፍሬ የምታህል ብሎን በጥቂት በጥቂቱ ያዞራሉ። የወንድሟ ጣቶች ረጃጅም ነበሩ። ክሮቹ ላይ ሲሮጡ አይተው ጋሼ ወዲያው «ሸረሪቱ» አሉት፣ በዚያው ቀረ። ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚፈልግ ሲጠይቁት ትንሽ አሰበ።

«ቀስ ብዬ ስነካው ለስላሳ ይሁን» አለ። «ስቆጣ ደግሞ አብሮኝ ይቆጣ።»

ብሎኗ ዞረች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ዞረች። በመጨረሻ ወንድሟ ዓይኑን ጨፍኖ ክሮቹን መታና «እዚህ ላይ!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ ከመሳቢያቸው ቀይ የጥፍር ቀለም አወጡ። ከባለቤቴ የሰረቅኋት ናት አሉና ብሎኗ ላይ አንዲት ጠብታ ጣሉባት። ጠብታዋ ስትደርቅ ብሎኗን ቆልፋ ትይዛታለች። ይህች ማኅተም ናት አሉ፤ የአምፕሊፋየሩ ባለቤት ራሱ ካላዘዘ በስተቀር እሳቸውም ቢሆኑ አይሰብሯትም።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሟ ታመመ። ሲጀምረው ትኩሳት ብቻ ነበር፣ ሁሉም ሰው ቀላል ነው ይል ነበር። ሆስፒታል ገባ፤ በእግሩ አልወጣም።

ልጅቷ ከቀብሩ በኋላ ወደ ሱቁ የሄደችው ይህንኑ ልትነግራቸው ነበር። ቃሉን መንገዱን ሙሉ ስትለማመድ ሄዳለች። ገና በሩ ላይ ስትደርስ ግን ጋሼ ቀደሟት። «ያ ቀጠሮ የማያውቅ ሸረሪት ነው የላከሽ?» አሏት። እሷም አዎ አለች።

ለምን አዎ እንዳለች ወደ ቤት ስትመለስ ነው የገባት። ከሞተ ወዲህ ሰው ሁሉ የወንድሟን ስም የሚጠራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። መምህራኑ «ጨዋ ልጅ ነበር» ይላሉ። ካልሲውን ምግብ ጠረጴዛ ላይ የሚጥል፣ የእሷን ቻርጀር ሰርቆ ሽምጥጥ አድርጎ የሚክድ ጨዋ። እናቷ ጊታሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች፤ ስሙ ሲነሳ ቃል ሳትናገር ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ትገባለች። እዚህ ሱቅ ውስጥ ግን ወንድሟ ሰነፍ ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ ሰው ያስጠብቃል። እዚህ ገና ይሰደባል።

ስለዚህ በየጊዜው መምጣቷን ቀጠለች፤ አምፕሊፋየሩ ቶሎ እንዳያልቅም ከወንድሟ የተላከ ትእዛዝ እየፈጠረች ታመጣ ነበር። አንድ ቀን የፊቱ ጨርቅ ጥቁር ይሁን ብሏል አለች። ሌላ ቀን የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ይጨመርበት ብሏል። ጋሼ እያጉረመረሙ ሁሉንም ሠሩ።

ዛሬ ግን ሳጥኑ ጠረጴዛው መሐል ተቀምጧል። እንጨቱ ተወልውሏል፣ ጥቁሩ ጨርቅ ተወጥሯል፣ የቆዳ መያዣው ተበጅቶለታል።

«አልቋል» አሉ ጋሼ። የጀርባውን ክዳን ከፍተው አሳዩዋት። ከቀይዋ ጠብታ ጎን ጠብታ የሌላት ሌላ ብሎን አለች። የእሷን ልክ ወንድሟ ራሱ ባለቀው አምፕሊፋየር እየተጫወተ ነው የሚወስነው። ቅዳሜ ካልመጣ አድራሻችሁን አፈላልጌ ጊታሩን ከነባለቤቱ እየጎተትኩ አመጣዋለሁ አሉ።

ልጅቷ ደነገጠች። ቤታችን ይመጣሉ፣ እናቴ በሩን ትከፍታለች ብላ አሰበች። አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

«ድምፁ በጣም ሻከረብኝ ብሏል። ይለስልስልኝ ነው ያለው።»

«አበደ እንዴ ይሄ ልጅ?» አሉ ጋሼ። «አብሮኝ ይቆጣ ብሎ የለመነኝ እሱ አይደለም?» ከዚያ ትከሻቸውን ሰበቁ። ባለቤቱ ካዘዘ ምን ይደረጋል ብለው መብራቱን አስጠጉ። ቀጭኗን ካቻቢቴ አንስተው ጫፏን ቀይዋ ጠብታ ላይ አሳረፉ።

ልጅቷ የምታደርገው ነገር የገባት ያኔ ነው። ከጠብታዋ ሥር ያለችው ብሎን የቆመችው ወንድሟ «እዚህ ላይ!» ባለበት ቦታ ነበር። ጠብታዋ ከተሰበረች ብሎኗ ትዞራለች፣ ከዞረች ደግሞ ያንን ቦታ መልሶ የሚያገኝ ሰው የለም።

«አይንኳት!» አለች።

ጋሼ ቀና አሉ። «አሁን አንቺው አይደለሽ እንዴ?»

«እሱ አላለም። ምንም አላለም።» ሰሌዳውን በመዳፏ ከለለችው። «ሞቷል፣ ጋሼ። ትምህርት ሳይከፈት ነው የሞተው።»

ጋሼ ካቻቢቴውን አስቀመጡ። ከዚያ ተነሱና ራዲዮውን አጠፉት። ልጅቷ ሱቁን ያለ ራዲዮ ድምፅ አይታው አታውቅም፤ ግድግዳው ማዶ ያለው የልብስ ስፌት መኪና ሳይቀር ተሰማ።

«ስሰድበው ነበር» አሉ። «ባለፈው እንኳን እግሩ ተሰብሮ ነው ወይ አልኩ። ቆመሽ ትሰሚኛለሽ። እንዴት ዝም አልሽኝ?»

«ሌላ ቦታ የሚሰድበው የለም» አለች ልጅቷ። «ሁሉም ያሞግሱታል። እርስዎ ጋ ስመጣ ብቻ ነው ያረፈደ የሚመስለኝ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው እጃቸውን በሚጠርጉበት ጨርቅ ወለወሉት፣ ባሰበት፣ እንደቆሸሸ መልሰው አደረጉት። ከዚያ አምፕሊፋየሩን ሰኩ። ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የነበረ አንድ አሮጌ ጊታር አውርደው አገናኙበትና ሰጧት።

መጫወት እንደማትችል ነገረቻቸው። መጫወት አይደለም፣ ምቺው ብቻ አሏት። አንዱን ክር በፍርሃት ነካችው። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

«ጠንከር አድርጊ።»

በሙሉ ኃይሏ መታችው። ድምፁ ሻከረ፣ ጎረነነ፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብሎኖች ተንጫጩ። አብሯት ተቆጣ። ልጅቷ ጊታሩን እንዳቀፈች አለቀሰች፤ ከቀብሩ ቀን ወዲህ ሰው ፊት ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነው። ጋሼም ዝም እንድትል አልነገሯትም።

ሲበርድላት ሁለተኛዋን ብሎን አመለከቷትና ላስተካክልልሽ ወይ ብለው ጠየቁ። እሷ ትንሽ አሰበችና ክፍት ትቆይ አለች። ጊታር ስትማር መጥታ ራሷ «እዚህ ላይ!» ትላለች። ጋሼ ክዳኑን ገጠሙ፣ የክዳኑን ብሎኖች አንድ በአንድ አጠበቁ። በሩ ድረስ ሸኟትና ሳጥኑን አስያዟት።

«እሺ» አሉ። «ግን እንደዚያ ሰነፍ ወንድምሽ እንዳታስጠብቂኝ።»

ቤት ስትደርስ እናቷ ከሥራ አልተመለሰችም። አምፕሊፋየሩን አልጋዋ ሥር ልትደብቀው ነበር ያሰበችው። አልጋው ድረስም ሄዳ ጎንበስ ብላለች። ከዚያ ሐሳቧን ቀየረችና መልሳ ሳሎን አመጣችው፤ ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ወንድሟ ካልሲውን ይጥልበት በነበረው ቦታ አስቀመጠችው።

እናቷ ገባች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሳጥኑን አየችው፣ የማን እንደሆነ ጠየቀች።

በልጅቷ ምላስ ላይ ውሸቱ ተዘጋጅቶ ነበር። የጓደኛዬ ነው ብትል ያልፋል።

«የእሱ ነው» አለች።

የእናቷ ፊት ተለወጠ። እንደ ልማዷ ቃል ሳትናገር ወደ መኝታ ቤቱ ዞረች።

«እማዬ» አለች ልጅቷ። «ይህንን የሠሩለት ሰውዬ እሱን እንዴት አድርገው ይሰድቡት እንደነበር ልንገርሽ?»

እናቷ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቆመች። ልጅቷ አንድ ወንበር ሳበችላት።