ያልተነበበልኝ ደብዳቤ

አርባ አንድ ዓመት በዚህ የጀልባ መሥሪያ ግቢ ኖሬያለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ያለውን ሃያ ሁለቱን ዓመት ደግሞ ግቢውን ያስተዳደርኩት ብቻዬን ነው። በደሴታችን፣ በዊንድዋርድ መንደር፣ የትኛው ሳንቃ በየትኛው ጀልባ ላይ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ከተፈለገ እኔ ነኝ። ታዲያ ስለ ሠራተኛዬ ሥራ፣ በእኔ ስም፣ እኔ የምፈርምበት ደብዳቤ ሲጻፍ አንድ ሰው እንኳ «እማማ ሊዮታ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አላለኝም። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት ከመዝሙር መጽሐፍ ነው። ያልተማረ ሰው ዓይንም ጆሮም የለውም መሰላቸው።

ለማንኛውም የፍቅር ነገር ነውና ከፍቅሩ ልጀምር።

ኬማር ስድስት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። አዮና የፖስታ ቤት ጸሐፊ ናት። መጀመሪያ የመጣችው ለእኔ የተላከ ዕቃ ይዛ ነው። ኬማር ከምንሠራት ጀልባ ሆድ ሥር ሳንቃ በመጋዝ እየከረከመ ነበር። ብቅ ሲል ሽፋሽፍቱ ሰጋቱራ ለብሷል።

«ፈርምልኝ» አለችው።

«ዕቃው የእማማ ነው።»

«ቢሆንም ፈርም። ስምህ ማነው?»

«ነገ ስትመጪ እነግርሻለሁ።»

«ነገ የማመጣው ነገር የለኝም።»

«እንግዲያው ለራሴ ደብዳቤ እልካለሁ።»

እውነትም ላከ። ባዶ ወረቀት በፖስታ አሽጎ። በማግስቱ ይዛለት መጣች። ሳምንቱ ሳያልቅ አምስት ባዶ ደብዳቤ አመጣችለት።

«አንተ ልጅ፣ አንዱ ላይ እንኳ የሆነ ነገር ጻፍበት» አልኩት።

«የምለውን ታውቀዋለች» አለኝ።

አውሎ ነፋስ የደሴቱን ጣሪያ ሁሉ ጠራርጎ ከሄደ በኋላ አዲስ ጀልባ የሚያሠራ ጠፋ፤ የቀረልን ጥገና ብቻ ነው። ሰው ቤቱን ይሥራ ወይስ ጀልባ ያሠራ? ኬማር ለካናዳ አመለከተ፤ ባለሙያ የሚወስዱበት መንገድ አለ። የአዮና አባት፣ ጡረታ የወጡ የጉምሩክ ሰው ናቸው፣ «ልጄን ለሰጋቱራ አልድርም። መጀመሪያ ወረቀቱ ይምጣ» አሉ።

ለማመልከቻው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ምን ይሠራል፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ከመቼ ጀምሮ። አዮና ጻፈችው። ወረቀት በኮምፒውተር የሚላከው ከዋናው ደሴት ከግሬናዳ ነውና፣ የመንገደኛው ጀልባ ጥሩንባውን እየነፋ ሳለ ሮጣ መጣች።

«እዚህ ጋ ይፈርሙ እማማ።»

«አንብቢልኝ።»

«ጀልባው ሊያመልጠኝ ነው። አሳምሬ ነው የጻፍኩት፣ አይስጉ።»

ፈረምኩ። ጥፋቴ ይኼ ነው፤ አልክድም።

ከሦስት ወር በኋላ ከካናዳ መልስ መጣ። ኬማር ቆሞ ማንበብ ጀመረ፤ ሲጨርስ ተቀምጦ ነበር። በደብዳቤው የተዘረዘረው ሥራ መንግሥታቸው ስለ ሙያው ካወጣው ዝርዝር ቃል በቃል የተቀዳ ስለሆነ ተጠራጥረናል፣ አሠሪዋን በስልክ እንጠይቃለን ይላል። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ በሩ ለአምስት ዓመት ይዘጋል።

አዮናን አስጠራት።

«ንድፍ እያነበበ ይሠራል ብለሻል» አላት። «በዚህ ግቢ አንድ ንድፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ዝርዝሩ ላይ እንደዚያ ይላል…»

«እኔ ግን እንደዚያ አልሠራም።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ ኬማር? በዓይኑ ይለካል ብዬ? ማን ያምነኛል?»

ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«አንቺም አላመንሽም ማለት ነው» አለ።

መላጊያውን አስቀምጦ ወደ ባሕሩ ሄደ። እጇን ሳይነካ ሲለያት ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ከዚያ ስምንት ቀን ሙሉ በፖስታ ቤት በር አላለፈም።

ፍርሃት ግቢያችን ገባ። ስልኬን በጨርቅ ጠቅልዬ መደርደሪያ ላይ አኖርኳት። ዓሣ ነጋዴው እንኳ ሲደውል አላነሳም። አውሎ ነፋሱ ጣሪያዬን ሲነቅለው እንዲህ አልፈራሁም፤ ነፋስ ጥያቄ አይጠይቅም።

በስምንተኛው ቀን ማለዳ አዮና አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እማማ፣ ሲደውሉ ይህን ይበሉ። ንድፍ ያነባል ይበሉ። በየሳምንቱ አርባ ሰዓት ይበሉ። ሌላ ምንም አይጨምሩ።»

«በሰባ ስምንት ዓመቴ ውሸት ልታስጠኚኝ ነው?»

«ፈርቻለሁ። ከደብዳቤው የተለየ ነገር ከተናገሩ አለቀልን። ኬማርን አጣዋለሁ።»

«ኬማርንማ በወረቀት ነው ያጣሽው፣ አንቺ ሞኝ።»

ወረቀቱን እጄ ውስጥ ልትከት ሞከረች። ስልኩ የጮኸው ያን ጊዜ ነው።

ቁጥሩ የሩቅ ነው። አዮና ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። አሥር እርምጃ ወዲያ የኬማር መዶሻ ቆመ።

የሴት ድምፅ ነው፤ ጨዋ። ስሜን ጠየቀችኝ፣ ግቢው የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቀጥላ፣ «ኬማር የሚሠራው ከንድፍ ነው?» አለችኝ።

አዮና ወረቀቱን ወደ ዓይኔ አስጠጋችው። ኬማር ከጀልባዋ ጀርባ አንገቱን ብቅ አድርጎ አየኝ እንጂ በእጁም በራሱም ምልክት አልሰጠኝም።

«አይደለም» አልኩ።

አዮና አፏን በእጇ ያዘች።

«ደብዳቤዎ ግን…»

«ደብዳቤውን የጻፈችው የምትወደው ልጅ ናት፣ ከእናንተው ዝርዝር ቀድታ። እኔ ሳላነብ ፈረምኩ። ጥፋቱ የሁለታችን ነው፤ የእሱ አይደለም።»

«ታዲያ ሥራው ምንድን ነው?»

«ጨረቃ ስትጎድል ጫካ ይገባል። በሙሉ ጨረቃ የተቆረጠ እንጨት ይነቅዛል፣ እኛ አንቆርጥም። ዛፉን ዞሮ ዞሮ ያየዋል። ለጀልባ ጎድን የሚሆን ጉብጠት ያለውን ሲያገኝ ይቆርጠዋል፣ ይጠርበዋል፣ ይገጥመዋል። ውሃ እንዳያስገባ በሳንቃዎቹ መሃል ጥጥ ይጠቀጥቃል።»

«በሳምንት ስንት ሰዓት?»

«ጨረቃ ስትጎድል ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ፣ ስድስት ቀን። ስትሞላ ትንሽ ያንሳል፤ ያን ጊዜ ሥራው መላግና ጥጥ መጠቅጠቅ ነው። ሥራ የፈታበት ሳምንት የለም። እኛ የምንቆጥረው በጀልባ ነው ልጄ። በስድስት ዓመት አራት። ስማቸውንና ባሕር የገቡበትን ቀን ልንገርሽ?»

ነገርኳት። ስትጽፍ ይሰማኛል።

«ሥራውን እንደሚችል በምን አወቁ?»

«በሦስተኛዋ ጀልባ የሚጓዘው ልጄ ነው» አልኳት። «ያለኝ አንድ ልጅ ነው።»

ከዚያ በአሥር ቀን ውስጥ ሥራውን በትክክል የሚገልጽ አዲስ ደብዳቤ እንድልክ፣ የጀልባዎቹ ባለቤቶችም እንዲመሰክሩ ነገረችኝ። «ቃል አልገባልዎትም» ብላ ዘጋች።

አዮና መሬት ላይ ተቀምጣለች። ኬማር መጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ፤ ግን አልነካትም።

«በሥራህ አፍሬ አይደለም» አለችው። «ስለማላውቀው ነው። አንድ ቀን እንኳ ጠይቄህ አላውቅም።»

«ባዶ ወረቀት ሳስይዝሽ የነበርኩት እኔ አይደለሁ? እኔም አልነገርኩሽም።»

እያለቀሰች ሳቀች። እሱም እጇን ያዘ።

«አሁን ንገረኝ» አለችው። «ከመጀመሪያው።»

ጨረቃዋ እየጎደለች ነበርና ይዟት ጫካ ገባ። ሁለት ቀን እሱ እየሠራ ይናገራል፣ እሷ ጉቶ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። ስትመለስ ሽፋሽፍቷ ላይ ሰጋቱራ ነበር። ለአባቷም «ወረቀቱ መጣም ቀረም ሠርጉ በሐምሌ ነው» አለቻቸው። እሳቸው ጋዜጣቸውን አጥፈው፣ «እንግዲያው ለእንግዳ መቀመጫ የሚሆን አግዳሚ ይሥራ» አሉ አሉ።

ያቺ ሴት ከደወለች ዛሬ ዘጠነኛው ቀን ነው። እኔም እፈራለሁ፤ እሺ ትበል እምቢ ትበል እግዜር ይወቅ። አሁን ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው እየሮጡ መጡ። አራት ገጽ ሙሉ ጽፋለች፤ የጀልባዎቹ ባለቤቶች ምስክርነትም አብሮ ተያይዟል። የመንገደኛው ጀልባ ጥሩንባውን ይነፋል።

«እማማ፣ እዚህ ጋ…» አለች እስክሪብቶውን እየዘረጋች።

እስክሪብቶውን ተቀብዬ ጭኔ ላይ አኖርኩት።

«ጀልባው ይሂድ፤ ነገ ጠዋትም ይመጣል። ቁጭ በሉ፣ ሁለታችሁም። አንቺ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። አንዲት ቃል እንዳትዘዪ።»