ከኋላ የሚመጣ ሳቅ

ደባርቅ ላይ ሰውን ለማስፈራራት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከተራራው ወርዶ መንገዱን ሲሸፍነው ባጃጆቹ መብራታቸውን አብርተው ጥሩንባ እየነፉ ያልፋሉ። በዚህ ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ ደፋር ነኝ ባዩም ሳይቀር ወደ ቤቱ ፈጠን ይላል። ይግዛው ግን ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎት፣ ሰዎች በስልካቸው እየተጫወቱ የሚደነግጡበት ጌም ሠራ።

ይግዛው ኮምፒውተር ተምሮ የተመረቀ፣ ሥራ ፍለጋ ከመንከራተት በራሴ ልሞክር ብሎ የተቀመጠ ወጣት ነው። የሚኖረው እትየ ስንቅነሽ ግቢ ውስጥ በተከራየው አንድ ክፍል ነው። ተከራየ ማለት ለወጉ ነው እንጂ እትየ ስንቅነሽ የሚያዩት እንደ ልጃቸው ነው። ገብስና ባቄላ ይነግዳሉ፤ ከገበያ ሲመለሱም መጀመሪያ የሚያንኳኩት የእሱን በር ነው። "በልተሃል ወይስ ዛሬም ከጂኖችህ ጋር ጾመህ ዋልክ?" ይሉታል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ "እሰይ! አሁን ዓይንህ ያርፋል፤ ና እሳት ሙቅ" ብለው ይጠሩታል።

እትየ ስንቅነሽ ትውልዳቸው ጃናሞራ ነው። አንገታቸው ላይ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያደገ እንቅርት አለ። እንቅርት እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። አብዛኛውን ጊዜ ምግባችን ውስጥ አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲያንስ የሚመጣ ሕመም ነው። ሐኪም አይቶላቸው "ለጊዜው አያሰጋዎትም፤ ጨውዎ ግን አዮዲን ያለው ይሁን" ብሏቸዋል። እሳቸውም አንገታቸውን ሸፍነው አያውቁም ነበር። ይግዛውም አብሯቸው እየበላና እየጠጣ ስለኖረ አንገታቸውን ልብ ብሎ ማየት ካቆመ ቆይቷል። መዘዙ የመጣው ከዚሁ ነው።

የጌሙ ስም "ጉሚት" ነው። ጉሚት ከጉም ውስጥ እየወጣች ተጫዋቹን የምታሳድድ አሮጊት ናት። ይግዛው ሲሠራት መጀመሪያ ጥርሷን አረዘመው፤ አላስፈራችም። ዓይኗን አቀላው፤ አሁንም አላስፈራችም። በመጨረሻ አንገቷ ላይ ትልቅ እብጠት አንጠለጠለላትና ስትራመድ እንዲወዛወዝ አደረገው። ያን ጊዜ ራሱም ደነገጠ። "አገኘኋት!" ብሎ አጨበጨበ። ከየት እንዳገኛት ግን ራሱን አልጠየቀም።

ጌሙን በቴሌግራም ለቀቀው። ከደባርቅ እስከ ዳባት፣ አልፎም እስከ ጎንደር ልጁም ወጣቱም እየተቀባበለ ጫነው። አስተያየት ጎረፈ። "አንገቷ ሲወዛወዝ ስልኬን ወረወርኩት!" "ወንድሜ፣ በሚቀጥለው አፕዴት ጉሚትን አብዛልን!" ይግዛው ደስታው ወሰን አጥቶ ለእያንዳንዱ መልስ ይሰጥ ነበር። በመሃል ፀጋ የምትባል የዳባት ልጅ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

"ጌምህ ጥሩ ነው፤ በተለይ ጉሙን ወድጄዋለሁ። ግን እናቴ እንቅርት አለባት። ታናሽ ወንድሜ ይህን ከተጫወተ ወዲህ ከእሷ ጋር ገበያ መሄድ እያፈረ ነው። እባክህ የአሮጊቷን አንገት ለውጠው።"

ሁሉም ሲያመሰግነው አንዷ መውቀሷ ይግዛውን ከነከነው። "እህቴ፣ ጌም እኮ ነው። ካልተመቸሽ አጥፊው" ብሎ የሳቅ ምልክት ደረደረበት። ብዙዎችም "ልክ ብለሃል፣ ነገር ፍለጋ ነው" እያሉ አጀቡት። ፀጋ አልመለሰችም፤ እሱም ያሸነፈ መሰለው። ያን ሁሉ ምስጋና በደስታ የተቀበለ ሰው አንዲት ልመና ስትከብደው ያናድዳል፤ እኔንም ያናድደኛል።

ጥር ሲገባ የእትየ ስንቅነሽ ግቢ በሰርግ ጉድ ጉድ ተሞላ። የምትዳረው ልጃቸው እሌኒ ናት። እሌኒ አስተማሪ ስትሆን፣ ይግዛውን እንደ ታናሽ ወንድም ትወደዋለች፣ ትቆጣውማለች። ይግዛው ዳስ ለመጣል ሲሯሯጥ እትየ ስንቅነሽ አንገታቸውን በወፍራም ሻሽ ጠቅልለው አያቸው።

"ጉንፋን ያዘዎት እንዴ እትየ?"

"ብርዱ ነው ልጄ" አሉት።

በማግስቱም ሻሹ አልተፈታም። ፀሐይ ወጥታ ሰው ሁሉ ጋቢውን ሲጥልም አልተፈታም። በኋላ እሌኒ ይግዛውን ለብቻው ጠራችው።

"እናቴ ሰርጌ ላይ ፎቶ አልነሣም አለች። ከእኛ ጎንም አልቀመጥም፣ ጓዳ ሆኜ ወጥ ሳወጣ እውላለሁ ነው የምትለው" አለችው።

"ለምን?"

"ከገበያ ስትመለስ ልጆች 'ጉሚት መጣች!' እያሉ እየሳቁ ይከተሏታል። አሁንማ በወጣች ቁጥር ሆኗል።"

የይግዛው ፊት ጋለ። ቢሆንም ቶሎ መሸነፍ አልሆነለትም። "ልጆች እኮ ናቸው እሌኒ፤ እኔ ባልሠራውም መሳቃቸው አይቀርም። ደግሞ እሳቸውን አስቤ አልሠራሁትም።"

"እንዳላሰብካት አውቃለሁ፤ የሚያመኝም እሱ ነው" አለችው። "በእጇ እያጎረሰችህ እንዴት አታስባትም? ልጆቹ አንገቷን ድሮም ያዩታል፤ መጥሪያ ስም የሰጠሃቸው ግን አንተ ነህ።" "እንዳልነግርህ አስምላኝ ነበር። 'ልጁ ስንት ደክሞ ያገኘው ነው፤ በእኔ ምክንያት ሥራው እንዳይበላሽበት' አለችኝ።"

ይግዛው የተሸከመውን እንጨት አወረደው። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ክፍሉ ገብቶ የፀጋን መልእክት ፈልጎ እንደገና አነበበው። ያኔ ወቀሳ የመሰለው ነገር ልመና ኖሯል። ከሥሩ የራሱን መልስ፣ የደረደረውን የሳቅ ምልክት ሲያይ አፈረ፤ በእውነት አፈረ።

እትየ ስንቅነሽ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሄዶ አጠገባቸው በርከክ አለ። "እትየ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያቺን ጉሚትን የሠራኋት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። መጀመሪያማ የልጄ ስም ተነሣ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር" አሉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ። "አንተ ክፋት የለብህም። ልብ ሳትል ነው።"

"ልብ አለማለቴ ነው ጥፋቱ። ዛሬውኑ አነሣታለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እርስዎን የሚያስፈራዎት ምንድን ነው?"

ምስሩን ትተው አሰቡ። "ጅቡንም ጉሙንም ለምጄዋለሁ። እኔ የምፈራው ከኋላዬ የሚመጣ ሳቅ ነው። ስዞር ዝም ይላሉ። ፊታቸውን ሳየው የማውቃቸው የጎረቤት ልጆች ናቸው። መንገዴን ስቀጥል ደግሞ ይስቃሉ።"

ይግዛውን ሰውነቱን ውርር አደረገው። እንዲህ ያለ የሚያስፈራ ነገር በዚያ ሁሉ ድካሙ አስቦት አያውቅም።

ያንኑ ዕለት ጉሚትን አነሣና ሁሉም በሚያየው ቦታ ጻፈ፦ "እህቴ ፀጋ፣ ያልሽው ልክ ነበር፤ የእኔ መልስ ነውር ነበር። እናትሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ። የታመመን ሰው ገላ ማስፈራሪያ ማድረግ አልነበረብኝም። የጫናችሁት ሁሉ እባካችሁ አሮጌውን አጥፉልኝ።"

ምላሹ ግን ጭብጨባ አልነበረም። "ፈራህ እንዴ?" አሉት። "ያለ አንገቷ ምኑ ጌም ነው!" የድሮው ይግዛው ቢሆን አንድ በአንድ ይሞልጫቸው ነበር። አሁን "ታገሡኝ፣ ከእሷ የሚብስ እየሠራሁ ነው" ብቻ እያለ መለሰ።

በአዲሱ ጌም ጭራቅ የለም። ተጫዋቹ ከገበያ ወደ ቤቱ በጉም ውስጥ ይሄዳል። ከኋላው ሳቅ ይሰማል። ሲዞር ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ዝም ብለው ያዩታል። በሮጠ ቁጥር ሳቁ ይበዛል። ይግዛው ጌሙን ከመልቀቁ በፊት ስልኩን ለእትየ ስንቅነሽ ሰጣቸው። በጣታቸው ቀስ እያሉ ሄዱ። ሳቁ ሲመጣ ዞሩና በመሮጥ ፈንታ ቀጥ ብለው ወደሚስቁት ሰዎች አመሩ። ሰዎቹ ተገትረው ቀሩ፤ ይግዛው ለዚህ ያዘጋጀው ነገር አልነበረምና።

"ምነው ዝም አሉ? 'እንደምን ዋላችሁ' የምልበት የለውም እንዴ?"

"የለውም እትየ። ሁሉም ሰው ይሸሻል ብዬ ነው።"

"እኔም ሸሽቼ ነበር" አሉ ሻሻቸውን እየነካኩ። "እስኪ አድርግበት። ዞር ብለህ ሰላም ስትለው ምናልባት ያፍር ይሆናል።"

አደረገበት። ተጫዋቹ ዞሮ ሰላም ካለ ጎረቤቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሰላምታውን ይመልሳሉ፤ ጉሙም ይገፈፋል። ጌሙ ሲለቀቅ አስተያየቱ ሌላ መልክ ያዘ። "ይሄኛውስ ከጉሚት ይብሳል" ያሉ ነበሩ። አሁንም ድሮው ይሻላል ብለው የቀሩ አልጠፉም። አንዱ ደግሞ "ከሚስቁት ውስጥ አንዱ እኔን ይመስላል" ብሎ ብቻ ጻፈ። ከዳባት ፀጋም ብቅ አለች፦ "ወንድሜ እስከ መጨረሻው ተጫወተው። ቅዳሜ የእናቴን ዘንቢል ይዞ ገበያ ሄደ።" ይግዛው ይህን ደጋግሞ አነበበው።

የሰርጉ ቀን ፎቶ አንሺው "የሙሽራዋ እናት የታሉ?" ብሎ ተጣራ። ይግዛው ወደ ጓዳ ሮጠ። እትየ ስንቅነሽ ጭልፋ ይዘው ቆመዋል፤ ሻሹ አንገታቸው ላይ ነው።

"እትየ፣ እሌኒ እየጠበቀችዎት ነው። እኔም" አላቸው። ብዙ ሊናገር አስቦ ነበር፤ እንባው ቀደመው።

አዩት፤ ጭልፋውንም አስቀመጡ። ዳሱ በር ላይ የሰፈሩ ልጆች ተኮልኩለው ነበርና ሲያልፉ ከኋላቸው ሳቅ ተሰማ። እትየ ስንቅነሽ ቆም አሉ። ከዚያ ሻሹን ፈትተው ለይግዛው ሰጡትና ዞሩ።

"እንደምን ዋላችሁ ልጆች?"

ልጆቹ ተያዩ። "እግዚአብሔር ይመስገን እትየ" አለች አንዷ፤ ሌሎቹም አንገታቸውን ደፍተው ተከተሏት።

ወገኖቼ፣ ጉሚትን የሠራ ይግዛው ብቻ አይደለም። በሰው ሕመም ስም አውጥተን የምንጠራ፣ ስንጠየቅም "ቀልድ እኮ ነው" የምንል ሁሉ የየራሳችን ጉሚት አለችን። "ያማል" የሚለን ሰው ሲገኝ የሳቅ ምልክት አንደርድርበት፤ እንስማው። እትየ ስንቅነሽ መልሰው ሰላም የማለት ልብ ነበራቸው። ሁሉም ሰው ግን ይህን ልብ እንዲያወጣ መጠበቅ የለብንም። መጀመሪያ መተው ያለበት የሚስቀው ነው።

ፎቶ አንሺው ይህን ሁሉ አያውቅም። ካሜራውን አስተካክሎ ቀና አለና "እማማ፣ ነጠላዎን ትንሽ ወደ አንገትዎ ከፍ ቢያደርጉት ፎቶው ያምር ነበር" አላቸው። ይግዛው ሊቆጣ አፉን ሲከፍት እትየ ስንቅነሽ እጁን ያዝ አደረጉት።

"እንዳለሁ አንሣኝ ልጄ" አሉት ፎቶ አንሺውን። "አንገቴም ሰርጉ ላይ ተጠርቷል።"

መጀመሪያ እሌኒ ሳቀች፤ ቀጥሎ ዳሱ በሙሉ ሳቀ። በዚህኛው ሳቅ ውስጥ እሳቸውም ነበሩበት።