አስራ አንደኛው የጠመኔ መስመር

አሮጊቷ ልብስ ሰፊ ከደረጃው ግርጌ አንገታቸው ተሰብሮ ተገኙ። ከደረጃው አናት ላይ ደግሞ ወተት የሞላ የድመት ሳህን ተቀምጦ ነበር። ሳጅኑ ሁለቱን አገናኝቶ ነገሩን በአንድ መስመር ጨርሶታል፤ «ድመት ጠልፋ ጣለቻቸው።»

መርማሪዋ እንዲህ በቶሎ የሚያልቅ ነገር አትወድም። የሥራ ባልደረቦቿ «እሜቴ ለምን» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ ፊት ለፊቷ ግን የሚደፍር የለም። ሳህኑ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ተመለከተችው። ወተቱ እስከ ጠርዙ ሞልቷል፤ ምላስ አልነካውም።

«ድመቷ የት አለች?»

«ከስፌት መኪናው ስር ተወሽቃለች» አለች የሟች ልጅ። አስተማሪ ናት፤ ሌላ ሰፈር ትኖራለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እናቷን ልትጠይቅ መጥታ አስከሬኑን ያገኘችው እሷ ነበረች። ዓይኗ አባብጧል። «የገደልኳት እኔ ነኝ። ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ከእንስሳት መጠለያ ድመት ያመጣሁላት እኔው ነኝ።»

መርማሪዋ የሚያጽናና ቃል ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ያላረጋገጠችውን ተናግሮ ማጽናናት አይሆንላትም።

ወደ ስፌቱ ክፍል ልትገባ ስትል ልጅቷ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። «ይቅርታ፣ ጫማዎን ያውልቁ። እማዬ በጫማ ማንንም አታስገባም ነበር። ድመቷ ኮቴ ከሰማች ቀኑን ሙሉ እህል አትቀምስም።»

መርማሪዋ አውልቃ ገባች። ከመኪናው ስር ሁለት ቢጫ ዓይኖች አፈጠጡባት። ከዚያ እስከ በሩ ድረስ በሰማያዊ የልብስ ጠመኔ የተሰመሩ አጫጭር መስመሮች ወለሉ ላይ ተደርድረዋል። ቆጠረቻቸው፤ አስራ አንድ ናቸው። በየመሀላቸው አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት አለ። የመጨረሻው ተረግጦ ተበታትኗል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የመጠለያው ሰዎች ምክር ነው» አለች ልጅቷ። «የደነገጠች ድመት አትጎተትም አሉን። በአንድ ክፍል ትቀመጥና ሳህኗ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ በሩ ይጠጋል፤ ስትደፍር በራሷ እግር ትወጣለች። እማዬ ያለ ጠመኔ ምን ታውቃለች? የሳህኑን ቦታ በየቀኑ አሰመረችው። እንግዳዬ ነበር የምትላት።»

በጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራዩት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆመዋል።

«መስመሩን የማሰምረው እኔ ነኝ» አሉ። «የእትዬ ወገብ አይታጠፍም። ዛሬም አስራ ሁለት ሰዓት ላይ በካልሲ ገብቼ አሰመርኩ፤ ሳህኑን መስመሩ ላይ አስቀምጬ የእግር ጉዞዬን ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ እንዲህ የሚያስለምን ተሳፋሪ አልገጠመኝም።» ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

«ምግቧ ምንድን ነው?»

«የተቀቀለ ዓሣ። ወተትማ ሆዷን ያበላሸዋል። በመጀመሪያው ቀን አይተነው ምንጣፍ አስጥሎናል፤ ከዚያ ወዲህ ፎቅ ላይ ወተት የሚባል አልወጣም።»

የሟች ታናሽ ወንድም ምድር ቤት ይኖራል። ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሷል፤ ጥቁር ጫማው ፊት ያሳያል። ሐዘኑን በጥሩ ቃላት ተናገረ፤ ቃላቱ ጥቂት በዝተው ነበር።

«ስትወድቅ ገላዬን እየታጠብኩ ነበር፤ ምንም አልሰማሁም። ያቺ ድመት ከመጣች ወዲህ ደረጃዋን ረግጬ አላውቅም። ለመጠለያው ደውያለሁ፤ መጥተው ይወስዷታል። ሰው የገደለ እንስሳ መኖር የለበትም።»

«እህትዎ ለድመቷ ምን ይሰጧት ነበር?»

«ድመት ምን ይሰጣታል? ወተት ነዋ!»

መርማሪዋ አመስግናው፣ ወጥ ቤቱን አየት አድርጋ ወደ ላይ ወጣች። ቁራጭ ዓሣ ከመጨረሻው መስመር አልፎ ደፉ ላይ አስቀመጠችና ጥግ ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እግሯ እስኪደነዝዝ ጠበቀች። በመጨረሻ ድመቷ በሆዷ እየተሳበች ወጣች፤ የተበተነው ጠመኔ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። አንገቷን ወደ ዓሣው ዘረጋች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተመልሳ ተወሸቀች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በስፌቱ ክፍል ደጃፍ፣ ከደፉ ውጭ ሰበሰበቻቸው። የመጠለያዋ ሠራተኛም የድመት ማጓጓዣ ሣጥኗን ይዛ ደርሳለች።

«ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ ይባላል» አለች መርማሪዋ። «የዚህችኛዋ ዐመል ፍርሃት ነው። በጠራራ ፀሐይ በዓሣ ተለምና እንኳ ይህን መስመር አላለፈችም። ደረጃው ጋ ሄዳ ሰው አልጠለፈችም። ስለዚህ ሳህኑን እዚያ የወሰደው ሰው ነው። ለምን? ሞቱን በድመቷ ለማላከክ።»

ወደ ሳህኑ ጠቆመች።

«ያ ሰው ወተት ቀዳበት። አስተማሪዋና ሹፌሩ ወተት እንደማይስማማት ያውቃሉ። ያ ሰው መስመሩን በጫማ ረገጠው። ሁለቱ በጫማ አይገቡም። ድመቷን የማያውቃት የዚህ ቤት ሰው አንድ ብቻ ነው።» ወደ ሟች ወንድም ዞረች። «ወተቱም ፎቅ ላይ የለም፤ ያገኘሁት ከእርስዎ ወጥ ቤት ነው።»

ወንድሙ ዓይኑን በጨው አጥቦ ፈገግ አለ። «በወተት ሰው ይከሰሳል? አሁን እስክትጠሪኝ ድረስ ደረጃዋን ረግጬ አላውቅም አልኩሽ እኮ።»

«ብለዋል። ሳጅኑም ጽፎታል። እስቲ እግርዎን ያንሱ።»

«ምን?»

«ጫማ የሚወለውል ሰው ላዩን እንጂ ሶሉን አያይም።»

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ እግሩን አነሳው። በተረከዙና በሶሉ መጋጠሚያ ሰማያዊ ጠመኔ ተጠቅጥቆ ነበር።

መርማሪዋ ከስፌት መኪናው መሳቢያ ያገኘችውን ደብተር ገለጠች። የሟች እጅ ጽሑፍ ነው። «ወንድሜ ዛሬም የአባታችንን ቤት እንሽጥ፣ ፈርሚ አለኝ። ለገዢዎቹ ቃል ሰጥቻለሁ ይላል። እንግዳዬ ገና ደፍ አላለፈችም፤ ሌላ ቤት እንደ አዲስ ማስለመድ አልችልም። የትም አልሄድም።»

«ለድመት ብላ!» አለ ወንድሙ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። «በድመት ነው የለወጠችኝ! ደረጃው አናት ላይ ቆማ ሳቀችብኝ… ዞር በይ ብዬ ነው ገፋ ያደረግኳት። ገፋ ብቻ!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሳጅኑ ክንዱን ይዞ ወሰደው፤ ሹፌሩም ፊታቸውን በኮፍያቸው ከደኑ።

መርማሪዋ ወደ ልጅቷ ቀረበች። «እህቴ፣ አሁን ልነግርሽ እችላለሁ። አንቺም አልገደልሻቸውም፣ ድመቷም አልገደለቻቸውም።»

ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ የያዘችውን ለቅሶ ያኔ ለቀቀችው።

«እሷንስ ልውሰዳት?» አለች የመጠለያዋ ሠራተኛ ሣጥኑን እያሳየች።

ልጅቷ ጫማዋን አወለቀች። ከመሳቢያው ሰማያዊውን ጠመኔ አንስታ፣ ተንበርክካ፣ ደፉ ስር አስራ ሁለተኛውን መስመር አሰመረች። ሳህኑን አጥባ ዓሣ አደረገችበትና መስመሩ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጥታ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች።

መርማሪዋ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች በባዶ እግሯ ደረጃውን ወረደች። ከግርጌው፣ አሮጊቷ ወድቀው በነበረበት ቦታ ስትደርስ፣ ከላይ ሳህኑ እየተላሰ ወለሉ ላይ ቀስ ብሎ ሲንሸራተት ሰማች። ቆም አለች። በሩን ከፍታ እስክትወጣ ድረስ ጫማዋን አላደረገችም።