የተለቀመው ሜዳ

ተኪኤ ሣሩ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱ ላይ የተመታበት ምልክት ይታያል፤ ከጆሮው አጠገብ ቀይ መስመር ያለባት አንዲት የጎልፍ ኳስ አለች። ኳስ የሚለቅምባት፣ ዙሪያዋን በሽቦ የታጠረች ትንሽ መኪና ከፊቱ በሯ ተከፍቶ ቆማለች።

ወይዘሮ ለተኪሮስ ሻኮፒ ከተማ ወዳለው የጎልፍ ቦታ የተጠሩት ለምርመራ አልነበረም። አዲስ አበባ ሳሉ የፖሊስ መርማሪ ነበሩ፤ እዚህ ሚኒሶታ ግን እንጀራቸው ማስተርጎም ነው። ያን ዕለት፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ጸደይ፣ ጉዳዩን የያዘው ፖሊስ፣ ምክትል ሸሪፉ፣ ከሞላ ጎደል ጨርሶት ነበር። በእሱ ግምት ሳልሕ የተባለው ደንበኛ ሳያየው ወዳጁን በኳስ መትቶ ገድሏል። የቀረው የሳልሕ ቃል ነው፤ ሳልሕ ደግሞ ከድንጋጤው ብዛት እንግሊዝኛው ጠፍቶበታል።

ቢሮው ውስጥ ከሟቹ ጋር አብረው ያደጉ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሳልሕ ሁለት እጆቹን እንደ ሌላ ሰው እጅ እያየ ይንሰቀሰቃል። የቦታው ኃላፊ ቶማስ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ በተባለው ሰፈር ከሟቹ ጋር በአንድ አፓርታማ የሚኖረው፣ ትከሻውን አቅፎ ያጽናናዋል። የተኪኤ እህትና የቶማስ እጮኛ ሓድነት ከቶማስ ጎን ናት፤ የሳልሕን ፊት ላለማየት ወደ ግድግዳው ዞራለች።

«ልጄ፣ ድራይቪንግ ሬንጅ ማለት ምንድን ነው?» ሲሉ ወይዘሮ ለተኪሮስ ሳልሕን ጠየቁት።

ጥያቄው ሲተረጎምለት ምክትል ሸሪፉ ሴትዮዋ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ መስሎት ሰዓቱን አየ። ሳልሕ ግን ስለ ሞት ባለመጠየቁ ትንሽ ተንፈስ አለ።

«መለማመጃ ነው፣ እትዬ። ጎልፍ አይጫወቱበትም፤ ጉድጓድ የለውም፣ አሸናፊም የለውም። ባልዲ ሙሉ ኳስ ይሰጡናል፣ መስመሩ ላይ ቆመን ወደ ሜዳው እንመታለን። የመታውን ሄዶ የሚያመጣ የለም፤ ኋላ ተኪኤ በመኪናው እየተመላለሰ ይለቅመዋል።»

«ዛሬስ?»

«ከእኔ ሌላ ደንበኛ አልነበረም። ባልዲዬን ሳላቋርጥ መትቼ ጨረስኩና ልሞቅ ገባሁ። ጉም ስለነበር ኳሶቹ የት እንደወደቁ አላየሁም። ትንሽ ቆይቶ ቶማስ እየሮጠ መጣና ተኪኤን እንደመታሁት ነገረኝ።»

ቶማስ ሳይጠየቅ ቀጠለ። ሳልሕ እየመታ ሳለ ተኪኤ ከመኪናው ሲወርድ እሱ ቢሮው በር ላይ ቆሞ እንደነበር ተናገረ። «ኳሷ ስታገኘው በዓይኔ አይቻለሁ። ግን የሳልሕ ጥፋት አይደለም» አለና ይበልጥ አቀፈው።

ሓድነት ትናንት ማታ ወንድሟ እንደደወለላት ተናገረች። ስለ ሠርጉ የሚነግራት ነገር አለው፤ በስልክ ስለማይሆን ጠዋት ወደ ሥራ ቦታው እንድትመጣ ለመናት። «በጉሙ ቀስ እያልኩ ድራይቭ አድርጌ ደረስኩ። ከመኪናዬ ስወርድ ይሄ ቢሮ እንኳ አይታየኝም ነበር። ወንድሜን ሞቶ አገኘሁት» አለች።

ወይዘሮ ለተኪሮስ ወጥተው ሜዳውን ዞሩት። ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጥታለች። ከመምቻው መስመር እስከ ሬሳው ድረስ የመኪናዋ ጎማ ሣሩን በረድፍ በረድፍ አስተኝቶታል፤ ወዲያ ማዶ፣ መኪናዋ ገና ባልደረሰችበት፣ ኳሱ እንደ ፈሰሰ ሽምብራ ተበትኗል። ተመልሰው ገቡና ሁሉም እንዲሰማ በሩን ዘጉ።

«ሳልሕ፣ አንተ ማንንም አልገደልክም» አሉ።

ሳልሕ ቀና አለ። ሓድነትም ዞረች።

«ሳልሕ ባልዲውን ሳያቋርጥ ነው የመታው። ተኪኤ በዚያ ሰዓት እየለቀመ ቢሆን ኖሮ በተለቀመው ሣር ላይ ሌላ ኳስ ይዘንብበት ነበር። ሣሩ ግን ባዶ ነው፤ ከሬሳው አጠገብ ካለችው በቀር አንድም የለም። ስለዚህ መኪናዋ የወጣችው ሳልሕ ጨርሶ ከገባ በኋላ ነው። ያቺን ኳስ የመታት የለም፤ ሰው አስቀምጧት ነው። ያስቀመጣት ደግሞ በሽቦ ከታጠረችው መኪና ተኪኤን ጠርቶ ያስወረደው፣ ተኪኤም አምኖት ጀርባውን የሰጠው ሰው ነው።»

ቶማስ እጁን ከሳልሕ ትከሻ ላይ አነሳ።

«አንተ ኳሷ ስትመታው በዓይኔ አየሁ አልክ። ሓድነት ከደጅ ሆና ይሄን ቢሮ ባላየችበት ጉም፣ አንተ ከዚህ እስከዚያ እንዴት አየህ?» ብለው ወደ ሓድነት ዞሩ። «ወንድምሽ ሲደውልልሽ ቶማስ የት ነበር?»

ሓድነት ቶማስን አየችው። «ቤት… እነሱ ቤት። አጠገቡ ነበር፤ ድምፁን ሰምቼዋለሁ።»

ምክትል ሸሪፉ ነገሩ ሁሉ ሲተረጎምለት ከወንበሩ ተነሳ። ቶማስ ብዙ አልተከራከረም። ካርቱም ውስጥ የቀለበት ሚስት አለችው፤ ተኪኤ ደርሶበታል። እንዳይናገር ቢለምነው እንቢ ስላለ፣ የጎልፍ ዱላ ይዞ ተከተለውና ማጅራቱን መታው።

«አንቺን እንዳላጣ ነው» አላት ሓድነትን።

የመለሰለት ሳልሕ ነው።

«ገዳይ ነኝ እያልኩ ሳለቅስ፣ አንተ እያወቅህ እንባዬን ጠረግህልኝ» አለው።

ቶማስ አንገቱን ደፋ፤ ምክትል ሸሪፉም ይዞት ወጣ። ሓድነት ተነስታ ቶማስ በለቀቀው ቦታ፣ ከሳልሕ ጎን ተቀመጠች። ጠዋቱን ሙሉ ፊቱን ማየት ያልፈለገችውን ሰው እጁን ያዘችና ይቅር በለኝ አለችው።