ከሰዓቱ የቀደመ ውሃ

የውሃ አከፋፋዩ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ከምንጩ ገንዳ አጠገብ ተጋድሟል። መርማሪዋ አቀበቱን እያለከለከች ስትደርስ፣ የላይኛው መንደር ሰዎች የታችኛውን መንደር ባለወፍጮ ከዛፍ ጋር አስረውታል፤ የታችኞቹ ደግሞ ሊያስፈቱት ዱላ ይዘው ቆመዋል። አንድ ክፉ ቃል ብትወረወር ሌላ ሬሳ መጨመሩ ነው።

መሥሪያ ቤቷ «ለምን» የሚል ቅጽል ስም ያወጣላት ይህች ሴት መጀመሪያ የሟችን እጆች፣ ቀጥላም ውሃውን ለሁለቱ መንደሮች የሚያከፋፍለውን ሳንቃ አየች። ሳንቃው የላይኛውን ቦይ ዘግቷል።

«ማን አገኘው?»

«እኔ ነኛ!» አለ ባለወፍጮው። «ተራችን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስድስት ላይ የውሃ ወፍጮዬ መዞር ሲጀምር ግራ ገባኝና ልጠይቀው ወጣሁ።»

«ውሸታም! ውሃ ልትሰርቅ መጥተህ ነው የገደልከው!» ጮኸች የላይኛው መንደር አትክልተኛ። «አምስት ተኩል ላይ በዚህ ሳልፍ ደህና ነበር።»

«ተራው ሁልጊዜም ዘጠኝ ሰዓት ነው?»

«ስድስት ነበር። ከትናንት ወዲያ ሁለቱም መንደር ተሰብስበን ለእኛ ችግኝ ሲባል አዛወርነው።»

«ያልሰማ አለ?»

አትክልተኛዋ ዓይኗን ከሰዉ መሃል ከቆሙት ከሟቹ አጎት ላይ አሸሸች። ሽማግሌው ሠላሳ ዓመት ውሃ ካከፋፈሉ በኋላ፣ ዓይናቸው ደከመ ተብሎ ሥራቸው አምና ለወንድማቸው ልጅ፣ ለሟቹ፣ ተሰጥቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ረግጠው አያውቁም።

«እሳቸው ቀርተው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል?»

መርማሪዋ ሁሉንም ሳንቃው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«የውሃ ሌባ ቢሆን ሳንቃውን ገጭ አድርጎ ይሮጥ ነበር። ይሄኛው ግን ዳርዳሩን በሣርና በጭቃ ደፍኗል፤ ለላይኞቹ ከብቶች ደግሞ ሁለት ጣት ክፍተት ትቷል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። የሟች እጅ ንጹሕ ነው፤ እሱ አይደለም። ሥራውን እያወቀ አዲሱን ሰዓት ያልሰማ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።» ጭቃ ወደ ገባባቸው የሽማግሌው ጥፍሮች ዞረች። «አባባ፣ ለምን አዞሩት?»

ሽማግሌው ጭቃ የያዘ እጃቸውን ዘረጉላት።

«ልገድለው አልመጣሁም። ‹አጎቴ፣ አንተ አታይም፣ ቤትህ ተቀመጥ› ሲለኝ ገፋሁት። ድንጋዩ ላይ ወደቀ። እዚያው ተቀምጬ ስድስት ሰዓት ደረሰ… የታች ሰዎች ምን በወጣቸው ውሃ ይጡ?»

ባለወፍጮውን ፈቱት። ዱላዎቹም አንድ በአንድ ዝቅ አሉ።

«ችግኙ ደርቆባችሁ ይሆናል እኮ» አሉ ሽማግሌው አትክልተኛዋን እያዩ። «ብትነግሪኝ እምቢ እል ነበር?»

አትክልተኛዋ የአጥር ጎረቤታቸው ናት።