ከጣሪያው ሥር ያለው ወንበር

«ኧረ በጥፍርሽ አትፈቅፍቂው!» አለ ታላቅ ወንድሟ።

ምን ዋጋ አለው፤ ሚጢጢ ከሙከራ ጣውላው ላይ የቫርኒሹን ልጣጭ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት አንስታዋለች። ጣውላውን ከአያቷ ጀልባ ጣሪያ ላይ ካሰረችው ዓመት ሆኖታል። ግማሹን ቫርኒሽ፣ ግማሹን የእንጨት ዘይት ቀብታው ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ከረመ። ዘይት የተቀባው ወገን ፈዘዝ ከማለት በቀር ምንም አልሆነም። «ዘይቱ ይሻላል» አለችው።

«አታካብጂ! አባባ ዕድሜ ልካቸውን የቀቡት ቫርኒሽ ነው። ጀልባዋ ካላብለጨለጨች ቅር ይላቸዋል።»

የከበዳትም ይኸው ነው። የአያቷ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ የጀልባዋን የቲክ እንጨት መቀባት የሷ ሥራ ሆኗል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወንዙን አሻግረው ትምህርት ቤት ያደረሷት እሳቸው ናቸው። በካፊያውም በብርዱም አንድ ቀን «ዛሬስ ደከመኝ» ብለዋት አያውቁም። ይህን ውለታ በምን ትመልሰው? ቢያንስ እንደ መስታወት በሚያበራ እንጨት ነበር። ግን ቫርኒሹ በየዓመቱ ተፍቆ እንደገና ሊቀባ ነው፤ እሳቸው ደግሞ መች አርፈው ይቀመጣሉ! አምና መፋቂያ ይዘው የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ሲንጠራሩ ውኃ ውስጥ ከመውደቅ ለጥቂት ነው የተረፉት።

«እህሳ ሚጢጢ፣ የትኛው አሸነፈ?» አያቷ ከኋላቸው ደርሰዋል። በቁመት ከበለጠቻቸው ቆይቷል፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም።

ጣውላውን አቀበለቻቸው። «ዘይቱ ነው፣ አባባ። አያብለጨልጭም። ግን አይላጥም፤ ብቻዬን እንከባከበዋለሁ። እርስዎም ጠርዝ ላይ አይወጡብኝም።»

ወንድሟ «ጉድ ፈላ» በሚል ዓይነት አንገቱን ደፋ። አያቷ ጣውላውን አገላብጠው አዩት፤ የተነሳውን ቫርኒሽ ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«ስፍቅ ስቀባ፣ ስፍቅ ስቀባ ኖርኩ» አሉ በመጨረሻ። «እኔማ ቫርኒሽ እጅ እጅ ካለኝ ቆየ! ለእማማ፣ ለአያትሽ ብዬ ነው እንጂ።» ሳቁና ከጣሪያው ሥር ወዳለው ወንበር ዞር አሉ። «እዚያ ቁጭ ትልና በሚያብለጨልጨው የወንበሩ እንጨት ፊቷን እያየች ፀጉሯን ታስተካክል ነበር፣ ነፍሷን ይማረውና። በይ፣ ዘይቱን ቀቢው። እኔን ከውኃ ልታድኚኝ መሆኑ ገብቶኛል፤ ተባረኪ።»

ሚጢጢ ቀኑን ሙሉ የጀልባዋን መደገፊያ፣ ጠርዝና ወለል በዘይት ስታሽ ዋለች። ትከሻዋ ቢዝልም ደስ ብሏታል። በመጨረሻ ከጣሪያው ሥር ያለው ወንበር ብቻ ቀረ። በእጇ ዳሰሰችው፤ ጣሪያው ስለሚከልለው ፀሐይም ዝናብም አይደርስበትም፣ ቫርኒሹም አይላጥበትም።

ወንበሩን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰችው። የቲክ እንጨት ከራሱ የሚያወጣው ቅባት አዲሱን ቫርኒሽ እንዳያስለቅቅባት በቲነር ደህና አድርጋ ወለወለችው።

«ያቺን የቫርኒሽ ቆርቆሮ አቀብለኝማ።»

«ዘይት አላልሽም እንዴ?» አለ ወንድሟ።

«ለጀልባዋ አዎ» አለችና ብሩሹን ነከረች። «ይሄ የእማማ ወንበር ነው።»