የማንቆርቆሪያው ውሃ

«እኔን ብሎ ደጅ የሚመላለስ ወንድ ቢሞትም ዞር ብዬ አላየውም!» አለች ልጅቷ ለጎረቤት ጓደኛዋ። አፏ ይህን ይበል እንጂ ዓይኗ ከበሩ አልተነቀለም።

የሚመላለሰው መሐንዲሱ ነው። ከጎርፉ ወዲህ ቆሻሻ ወደ ሰፈሩ የመጠጥ ውሃ መስመር በየት በኩል እንደሚገባ የሚያጠና፣ ጫማው ጭቃ የጠጣ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያማረው ወጣት። የቧንቧው ስብራት እስኪገኝ ሰፈሩ ውሃ አፍልቶ ይጠጣል። ታናሽ እህቷ ሳታፈላ ጠጥታ ሆዷን ታማ ተኝታለች።

መጀመሪያ የመጣ ቀን ደረጃው ላይ ዘፍ አለና ለምርመራ ውሃ የሚቀዳበትን ጠርሙስ ዘረጋላት።

«በናትሽ ከቧንቧው ሞልተሽ አምጪልኝ። መቆም አቃተኝ።»

ጣታቸው ተነካካ። ቧንቧውን ስትከፍተው ድፍርስ ወረደ። ይሄንን ለእሱ? አፈረች። ከማንቆርቆሪያው፣ ፈልቶ የቀዘቀዘውን ኩልል ያለ ውሃ ሞልታ ሰጠችው።

ተመልሶ መጣ። «ስሌቴ ስብራቱ እናንተ በር ላይ ነው ይላል። ውሃችሁ ግን ንጹሕ ነው። ግራ ገባኝ።»

«የኛ ቤት ልዩ ነዋ!» አለች እየተሽኮረመመች። ዳግመኛም ከማንቆርቆሪያው ሞላችለት።

ዝም ብሎ ሲያያት፣ አለቀለት ብላ በሆዷ ሳቀች። እሱ የሚያስበው ስለ ቧንቧ ነበር።

አንድ ከሰዓት ግድግዳ ተደግፎ፣ «በቃ፣ ስሌቴ ተሳስቷል» አላት። «በእናንተ ውሃ ተማምነን ነገ ታችኛውን መንገድ እንቆፍራለን።»

ከውስጥ እህቷ አቃሰተች። ልጅቷ ወደ ውስጥ ዞር ብላ አየች።

«እዚያ አትቆፍሩ! ያ ውሃ ከቧንቧው አይደለም። ከማንቆርቆሪያው ነው።»

«ምን?»

«ደፍርሶ ነበር። አንተን... አፈርኩ።»

መሐንዲሱ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገና፣ የደከመው ሰው ሳቅ ሳቀ። ከዚያ ራሱ ገብቶ ከቧንቧው ቀዳ።

በራቸው ላይ ሲቆፈር፣ የተሰነጠቀው ቧንቧ ፍሳሽ ውስጥ ተኝቶ ተገኘ። ተጠገነ፣ መስመሩ ታጠበ፣ ውሃው ተመርምሮ ጠጡ ተባለ። እህቷም ተነሳች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ መሐንዲሱ ያለ ጠርሙስ መጣ። ጫማውን ጠርጓል፤ ድካሙ ግን እዚያው ፊቱ ላይ ነው። ደረጃው ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። 

«እውነቱን ንገረኝ፣ ያን ሁሉ ቀን የተመላለስከው ለእኔ ነው አይደል?»

«ለቧንቧው ነው» አለ፣ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ። «ዛሬ ነው ለአንቺ የመጣሁት።»

ልጅቷ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ወደ ውስጥ ጮኸች። «እማዬ፣ ሰማሽ? ለእኔ ብሎ ነው የመጣው!»

«ሰምቻለሁ» አለች እናቷ። «ተነሺና የሚጠጣ ውሃ ስጪው። ዛሬ እንኳን ከቧንቧው!»